ፋኖስ የያዘው ሰውዬ

እናንተ ሚስት ለማግባት ሽማግሌ ልካችሁ ይሆናል። አንዳንዶቻችሁም የልጅቷ አጎት ኩርፊያው እስኪበርድለት ድረስ ደጅ ጠንታችሁ ይሆናል። ይህን ችግር ብላችሁ የቆጠራችሁት እኔን ሳታዩኝ ነው። እኔ ሽማግሌ ልኬ ይዘውልኝ የመጡት መልስ የሲኒማ ፖስተር ፍለጋ ነው። ያውም የተገኘው ሁሉ አይሆንም፤ ፊልሙ መጀመሪያ ሲወጣ የታተመው ዋናው ፖስተር እንጂ ከዓመታት በኋላ ፊልሙ እንደገና ሲወጣ የታተመው ድጋሚው አይደለም። ልዩነቱን የማታውቁ ከሆነ አይክፋችሁ፤ እኔም አላውቅም ነበር። አሁን ግን ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ ፊቴን ሳልታጠብ እነግራችኋለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ሮቤ አስተማሪ ነበርኩ፤ መዲና ደግሞ ጎባ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ። ያስተዋወቀን መርፌ ነው። መርፌ ስለምፈራ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጥርሴን ነክሼ ሳለሁ «ካለቀ ቆየ እኮ፣ ሱሪህን ታጠቅ» ያለችኝን ድምፅ ነው መጀመሪያ የወደድኩት። ፊቷን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ምንም ሳያመኝ ጎባ ስመላለስ ከረምኩ፤ ሮቤ ያሉ ጓደኞቼም ደህና አለመሆኔን ማውራት ጀመሩ።

አባቷ ሐጂ ቃሲም ይባላሉ። ከአብዮቱ በፊት ጎባ ውስጥ የነበረው የሲኒማ አዳራሽ የእሳቸው ነበር። በኋላ አዳራሹ ተወርሶ የቀበሌ መሰብሰቢያ ሆነ። ሐጂም ዳግመኛ እግሬን አላስገባበትም ብለው ስለማሉ፣ ወደ መስጊድ ሲሄዱ እንኳ በበሩ ላለማለፍ ከተማውን ዞረው ነው የሚሄዱት። ሲኒማው ቢቀርም ሽምግልናው ግን ነበራቸው። ከገሰራ ሳይቀር ድንበር የተገፋ፣ ከብት የጠፋበት፣ ከሚስቱ የተጣላ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይመጣ ነበር።

እንግዲህ አጎቴ ኡመር ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ሄዱልኝ። ሐጂ በወግ ተቀበሏቸው። ወተቱም ማሩም ቀረበ። አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው የመጡበትን ሲናገሩ ሐጂ እስከ መጨረሻው ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጁን ጠልቼው አይደለም» አሉ። «እኔ ግን ቃል መስጠት ትቻለሁ። ከተማው ቃሌን አያምነውም። የማይታመን ቃል ይዛችሁ ብትሄዱ ምን ይረባችኋል?»

አጎቴ ይህን ሲነግሩኝ መጀመሪያ በዘዴ እምቢ ያሉኝ መስሎኝ ወሽመጤ ብጥስ አለ። ለካ ነገሩ እውነት ነው። መዲና ናት በዝርዝር የነገረችኝ።

በሐጂ ሲኒማ ቤት ጥንት የታየ አንድ የህንድ ፊልም አለ። ስሙን ትቼዋለሁ፤ ስሙን ባነሳው አሁንም የሚጣላኝ አይጠፋም። በዚያ ፊልም ውስጥ የተሳተፈ አንድ ወጣት ተዋናይ በኋላ እጅግ ዝነኛ ሆነ። ባሌ ውስጥ በሪዙ ምክንያት «ሪዛሙ» እንለዋለን። ሪዛሙ ዝነኛ ሲሆን ያ የድሮ ፊልም በአዲስ ፖስተር እንደገና ወጣ፤ ፖስተሩም ከአዲስ አበባ ጎባ ድረስ ተላከ። ፊልሙ ግን አልመጣም፤ ቢመጣም አዳራሹ ስብሰባ ላይ ነው። ፖስተሩን ኦቦ ሁሴን የሚባሉት ልብስ ሰፊ ሱቃቸው ውስጥ ለጠፉት። ፖስተሩ ላይ ሪዛሙ ፈረስ ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱ ከፈረሱ በልጦ ይታያል።

ሐጂ ሱሪ ሊያሰፉ ገብተው ፖስተሩን ሲያዩ ሳቁ። «ይሄ ልጅ እኮ በዚህ ፊልም ውስጥ ፋኖስ ይዞ የሚገባ አሽከር ነው። ፈረስ የሚባል ነገር አልነካም» አሉ።

«ሐጂ፣ ዓይን አለን እኮ!» አሉ ኦቦ ሁሴን በመርፌያቸው ወደ ፈረሱ እየጠቆሙ።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ፊልሙን በጊዜው ያዩት የጎባ ሰዎች ሁሉ ሱቁ እየመጡ ፖስተሩን ሲያዩ፣ አንድ በአንድ ሪዛሙ ፈረስ ሲጋልብ ትዝ ይላቸው ጀመር። አንዱ ፈረሱ ቡላ ነበር ይላል፤ ሌላው ዳማ ነበር ብሎ ይከራከረዋል። ያዩትን ረስተው የተለጠፈውን አስታወሱ። በዚህ ላይ ሐጂ የገሰራ ሰዎችን የድንበር ክርክር ሲዳኙ፣ የተፈረደበት ሰውዬ ብድግ ብሎ «ሶባ! ፖስተር ላይ የተሳለ ፈረስ ያላየ ሰው የድንበር ድንጋይ ያያል?» አለ። ሶባ ማለት ውሸት ነው። ሐጂ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሽምግልና ተነሱ።

«እና ምን ይሻላል?» አልኳት መዲናን።

«አባቴ ወይ እውነቱ ይውጣለት ወይ ይሙት ባይ ነው። አንተ ደግሞ መጠበቅ ትችላለህ፤ ወይም ሌላ ማግባት ትችላለህ።»

«ፖስተሩን አመጣለሁ!» አልኩ። እንዴት እንደማመጣው ሳላስብ ነው የተናገርኩት፤ ግን አንዴ ካልኩ አልኩ ነው። እልኸኝነቴ ከእናቴ ወገን የወረስኩት ነው ይላሉ፤ የእናቴ ወገኖች ደግሞ ከአባቴ ነው ይላሉ።

በማግስቱ ሐጂ ዘንድ ሄጄ ዋናውን ከድጋሚው እንዴት እንደምለይ እንዲያስተምሩኝ ለመንኳቸው። መጀመሪያ በጥርጣሬ አዩኝ፤ ከዚያ ዓይናቸው በራ። ከአዳራሹ ጋር የቀረ አንድ ነገር በውስጣቸው ተነሳ መሰለኝ፣ ትምህርቱ እስከ አስር ሰዓት ዘለቀ።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «የፊልም ሰው ልክ እንደ ሌላው ሰው ነው። ሳይሾም ፊቱ ትንሽ ናት። ሲሾም ፊቱ ያድጋል። ድጋሚው ላይ በኋላ የተሾመውን ሰው ነው ፊት የሚያወጡት። ዋናው ላይ የምትፈልገው ሰውዬ ጥግ ላይ ነው ያለው፣ በግራ፣ ከታች። ፋኖስ ከፍ አድርጎ ይዟል።»

የፎቶግራፍን ማደግ በተመለከተ ያ ዘመን ለሁላችንም ሰፊ ትምህርት ቤት ስለነበር ወዲያው ገባኝ። ሐጂ ግን በዚህ አላበቁም። ዋናው በብሩሽ የተሳለ ስለሆነ የሴቶቹ ጉንጭ ቀለም እንደፈሰሰበት ቀልቶ ይታያል፤ ድጋሚው የፎቶ ህትመት ነው። ዋናው ከፊልሙ ሳጥን ጋር ታጥፎ ስለሚመጣ እጥፋቱ ወረቀቱ ላይ ሲያረጅ አብሮት ነጥቷል፤ ድጋሚው ደግሞ ተጠቅልሎ ስለሚመጣ ዘርጋ ብታደርገው ተመልሶ ይጠቀለላል። ከግርጌ ማተሚያ ቤቱ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ ድጋሚው ላይ ያ መስመር የለም። ሐጂ ወረቀቱን በጣት እንዴት እንደሚዳስሱት ሁሉ የራሴን የፈተና ወረቀት አስይዘው አለማመዱኝ።

«ለመሆኑ የእርስዎ የት ገባ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አዳራሹን ሲወርሱ አብሮ ተወረሰ። ምን እንዳደረጉት አላህ ያውቃል» አሉና ትምህርቱ አለቀ።

እኔም ፍለጋዬን ጀመርኩ። ሮቤ ውስጥ ግድግዳው ላይ ወረቀት የለጠፈ ሻይ ቤት ሁሉ አንድ ብርጭቆ ሻይ ሳልጠጣለት የቀረ የለም። አጎንብሼ ግርጌ ሳነብ፣ በጣቴ ስዳስስ፣ ሰው ስለእኔ ማውራት ጀመረ። አንዱ ብድሬ የምትባል ከተማ ውስጥ የአንድ ከብት ነጋዴ ቤት አየሁት ብሎኝ ሰው ላክሁ፤ የተገኘው የሳሙና ማስታወቂያ ነው። በመጨረሻ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ደሎ መና ኦቦ ጀማል የሚባሉ የማርና የቡና ነጋዴ ሱቅ ውስጥ የዚያ ፊልም ፖስተር ተለጥፎ እንዳየ ማለልኝ።

ደሎ መና ወረድኩ። ሰነቴ የሚባለው ብርዳም ተራራ ላይ አውቶቡሱ ውስጥ አፍንጫዬ ያለ አልመስል ብሎኝ በእጄ እየነካሁ አረጋገጥኩ። ጫካውን ጨርሰን ቆላው ሲጀምር ደግሞ የለበስኩትን ሁሉ አውልቄ ከማላውቃቸው ሰዎች ጭን ላይ ከመርኩት። ሱቁ ስደርስ ፖስተሩ እውነትም ግድግዳው ላይ አለ። ግን ሪዛሙ ፈረስ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ነው ሞኝነቴን የምነግራችሁ። ዝም ብዬ መመለስ ሲገባኝ «ኦቦ ጀማል፣ ታጥፎ የኖረውን፣ እጥፋቱ የነጣውን የለዎትም?» አልኳቸው። እሳቸው በትህትና እጥፋቱ እንዴት እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔም አስተማሪ አይደለሁ፣ በቁመት እንዲህ፣ በወርድ እንዲህ ብዬ ወረቀት አጣጥፌ አሳየኋቸው። ሐጂ ያስተማሩኝን ሁሉ ሳላስቀር አስተማርኳቸው። እሳቸውም «ቤት ሳይኖረኝ አይቀርም፤ ጠዋት ብቅ በል» አሉኝ።

ጠዋት ታጥፎ የነጣ ፖስተር ጠበቀኝ። ከመሃሉ ግን ትልቅ ቀዳዳ አለበት፤ ከግራ ጥጉና ከግርጌውም ተቆርጧል።

«አይጥ በላብኝ» አሉ ኦቦ ጀማል በሐዘን።

እኔስ? አመንኳ! እጥፋቱ ልክ ነው አልኩ። የፈለግኩት እዚያ ጥግ ላይ ነበረ፣ አይጥ ብትበላውም ነበረ አልኩ። የጠሩትን ዋጋ ከፈልኩ፤ እሳቸውም ማር ጨምረው ሰጡኝና በጫካው አቋርጬ፣ ሰነቴ ላይ ዳግመኛ አፍንጫዬን አጥቼ፣ በድል ጎባ ገባሁ።

ሐጂ ፖስተሩን ዘርግተው በቀዳዳው በኩል ተመለከቱኝ። «የደሎ መና አይጥ መቀስ ይዛ ነው የምትሄደው?» አሉኝ። ከዚያ ማሩን በጣታቸው ቀመሱ። «ማሩስ ዋናው ነው» አሉ።

መዲና በር ላይ ሆና በነጠላዋ አፏን ይዛ ስትስቅ አየኋት። ሳቋ አላናደደኝም ብል ውሸቴን ነው፤ አናደደኝ። ግን በዚያው ልክ እልሄን አሳደገው። ስሸኝ «ለእኔስ እንዲህ ለፍተህ ታውቃለህ?» አለችኝ። «ይሄው ለማን መሰለሽ?» ብዬ እየተቆጣሁ ሄድኩ።

ብዙም ሳይቆይ አስተማሪዎች ሁሉ ለስብሰባ ጎባ ተጠራን። ስብሰባው የሐጂ የነበረው አዳራሽ ውስጥ ነው። የዚያን ዘመን ስብሰባ ያልተሰበሰበ ሰው ትዕግሥት ምን እንደሆነ አያውቅም። ከውጭ ጉሙ ወርዷል፤ ከውስጥ ጓድ ሊቀመንበሩ ይናገራሉ፤ እኔ ብርድ ብርድ እያለኝ ፊት ለፊቴ ያለውን መስኮት አያለሁ። መስታወቱ ተሰንጥቆ ነፋስ እንዳያስገባ ትልቅ ወረቀት በሚስማር ተመቶበታል፤ ወረቀቱ ላይም «ምርታችንን እናሳድጋለን!» የሚል መፈክር በቀይ ቀለም ተጽፏል።

ከዚያ ጉሙ ገለጥ አለና ፀሐይ በመስኮቱ መጣች። መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ የእጥፋት መስመር አየሁ፤ በቁመት እንዲህ፣ በወርድ እንዲህ። ቀጥሎ «ምርታችንን» ከሚለው ሥር የአንዲት ቆንጆ ሴት ዓይን ብቅ አለ። ጉንጯ ቀልቷል። ወደ ጥጉ ዞርኩ። ሥዕሉ ከኋላ ስለሚታይ ግራው ቀኝ ሆኗል እንጂ ቦታው ያው ነው፤ አንድ ትንሽዬ ሰውዬ ፋኖስ ከፍ አድርጎ ይዟል!

ወረቀት በጠፋበት ጊዜ የፖስተሮቹን ንጹሕ ጀርባ ለመፈክር አውለውታል ማለት ነው። ከተማው ሁሉ ለዓመታት ከሥሩ ተቀምጦ ሲያጨበጭብ ኖሯል። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ቆሜ ነው። መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም።

«ጓድ አስተማሪ፣ አስተያየት አለህ?» አሉ ሊቀመንበሩ። አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

በዚያ ዘመን ስብሰባ መሃል ተነስቶ ዝም ብሎ መቀመጥ አይቻልም። መፈክር መገንጠልማ ጭራሽ አይታሰብም፤ ለምን ገነጠልከው ሲባል ለሚስት ነው ቢሉ ማን ይሰማል? ግን ያንን ፖስተር ሳልይዝ ከጎባ ላልወጣ ለራሴ ነግሬያለሁ።

«ጓዶች!» አልኩ፤ ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ ለንግግሩ ግን ጠቀመው። «እኔ ያንን መፈክር ሳየው እንባዬ መጣ! ይህን የሚያህል ቃል በወረቀት ላይ! ያውም ነፋስ መከላከያ ሆኖ! ምርታችንን የምናሳድገው በተሰነጠቀ መስኮት ነው? በጨርቅ ነው መጻፍ ያለበት! ጨርቁን እኔው አመጣለሁ፣ እኔው እጽፋለሁ፤ አሮጌውንም በክብር አነሳዋለሁ!»

ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። ሊቀመንበሩ ተደስተው እዚያው የመፈክር ኮሚቴ ኃላፊ አደረጉኝ። ከዚያ ሹመት የወረድኩት መንግሥቱ ራሱ ሲወርድ ነው። ጨርቅ ያልኩት ደግሞ ለሰርጌ ልብስ ያስቀመጥኩት ነጭ ቴትሮን ነበር። ምን ላድርግ፣ ሌላ ጨርቅ የለኝም። ሙሽራዋን ለማግኘት የሙሽራውን ልብስ ሰጠሁ።

ሚስማሩን ነቅዬ ወረቀቱን ሳነሳ ግን ጠርዙ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል። ብስበው ይቀደዳል። መዲናን ጠራኋት። ከክሊኒክ ሞቅ ያለ ውሃ፣ ጥጥና መቆንጠጫ ይዛ መጣች፤ ፋሻ ከቁስል ላይ እንደምታላቅቅ አድርጋ እያራሰች፣ እየነፋች፣ በጥንቃቄ አላቀቀችው። እኔ ትንፋሼን ይዤ ስመለከት ዓይኗን ሳታነሳ «አትፍራ፣ መርፌ የለውም» አለችኝ። ዘረጋነው። ቀለሙ ደብዝዟል እንጂ ሁሉም አለ፤ ማተሚያ ቤቱ ሳይቀር።

መዲና ጥጉን ጠጋ ብላ አየች። «ይሄ ነው ሪዛሙ? ሪዙ የታለ?»

«ያኔ ገና አልበቀለም» አልኳትና ጠቀለልኩት። ከዚያ ቶሎ ብዬ አጠፍኩት።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሐጂ ቤት ተሰበሰብን። አጎቴ ኡመር ሽማግሌዎቹን ይዘው መጥተዋል። ኦቦ ሁሴን የራሳቸውን ፖስተር ከሱቅ ገንጥለው አምጥተዋል። ሁለቱ ጎን ለጎን ምንጣፉ ላይ ተዘረጉ። ኦቦ ሁሴን በጉልበታቸው ተንበርክከው ፈረሱንም ፋኖሱንም እያፈራረቁ ብዙ አዩ። ከዚያ ቀና ብለው «ሐጂ፣ አፉ ይበሉኝ። እርስዎ ልክ ነዎት። አሽከር ነው» አሉ።

ሽማግሌዎቹ «አልሐምዱሊላህ!» አሉ። እኔ ልዘል ምንም አልቀረኝም። አጎቴ ኡመር የጋብቻውን ነገር ሊያነሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ሐጂ ግን ገና መነጽራቸውን መፈለጋቸው ነው። አገኙና አደረጉ። እጥፋቱን ዳሰሱ፣ ግርጌውን አነበቡ። «ዋናው ነው» አሉ። የቀላችውን ሴት ጉንጭ በአውራ ጣታቸው ነካ አደረጉ። በመጨረሻ ጥጉ ላይ ደረሱ። እዚያ ላይ ቆዩ።

«ይሄ ሰውዬ ግን እሱ አይደለም» አሉ።



«ኧረ ሐጂ፣ እሱ ነው!» አሉ አጎቴ። «ሁላችንም አየነው እኮ!»

«እናንተማ ፈረስ ላይም አይታችሁት ነበር» አሉ ሐጂ። «ፋኖስ የያዘው ሌላ ልጅ ነው። ፖስተሩ ላይ ሪዛሙ ከነጭራሹ የለም። ሰው ሁሉ ውሸታም ሲለኝ እኔም ፋኖስ ይዟል እያልኩ ስሟገት ኖርኩ። ተሳስቻለሁ። ሁሴን፣ አንተ አፉ በለኝ።»

ወላሂ፣ በዚያች ደቂቃ ሐጂን ጠላኋቸው። ከተማው አምኗቸዋል፣ ተከራካሪያቸው ተንበርክኳል፣ ያንን ሰውዬ ከእሳቸው በቀር የሚለይ የለም፤ ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው። እኔ ሁለቴ ሰነቴን የተሻገርኩት፣ ቴትሮኔን የሰጠሁት፣ የመፈክር ኃላፊ የሆንኩት ለዚህ ነው? አንገቴን ደፍቼ ምንጣፉን ማየት ጀመርኩ። እንባዬ መጣ፤ የዚህኛው እንባ ለመፈክር አልነበረም።

ቀድመው የተናገሩት ኦቦ ሁሴን ናቸው። እንደተንበረከኩ ነበሩ።

«ሐጂ» አሉ፣ «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሽማግሌ ፊት ቀርቤያለሁ። ተሸንፎ እምቢ የሚል እንጂ አሸንፎ ተሳስቻለሁ የሚል አይቼ አላውቅም። ከእንግዲህ እርስዎ ያሉኝን ዓይኔ ባያየውም አምናለሁ። ወላሂ አምናለሁ!»

«ዱጋዳ!» አሉ ሽማግሌዎቹ። እውነት ነው ማለታቸው ነው። አጎቴ ኡመር እንዲህ ያለ በር ተከፍቶ ካዩ የማያልፉ ሰው ናቸው፤ «እንግዲህ ቃልዎ ከታመነ፣ ሐጂ፣ የመጣንበትን ጉዳይ አይርሱብን» አሉ።

ሐጂ ወደ ጓዳው በር ዞሩ። «መዲና፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«አባባ፣ እኔማ ፖስተሩን እያላቀቅኩ ነው የወሰንኩት» አለች ከመጋረጃው ጀርባ።

«እንግዲያው ሰጥቻለሁ» አሉ ሐጂ። ዱዓ ተደረገ፣ ሁሉም አሚን አለ፤ የእኔ አሚን ከሁሉም በልጦ ስለተሰማ አጎቴ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

ሰው ሁሉ ሊነሳ ሲል ሐጂ ጣታቸውን ቀሰሩ።

«ቆዩ! ሪዛሙ ግን ፊልሙ ውስጥ ነበረ! አሁን ትዝ አለኝ። ባለፋኖሱ ሲገባ በሩን የሚከፍትለት እሱ ነው። ፊቱ አይታይም፣ ጀርባው ብቻ ነው!»

ሁላችንም ወደ ኦቦ ሁሴን ዞርን። ኦቦ ሁሴን ፈረሱ ላይ የተቀመጠውን ሰውዬ አዩ፤ ጣሪያውን አዩ፤ ምራቃቸውን ዋጡ።

«ጀርባውን እኔም አስታውሳለሁ» አሉ።

«ሰፊ ጀርባ!» አሉ አጎቴ ኡመር።

ሽማግሌዎቹም አንድ በአንድ አስታወሱት። አንዱ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር አለ። ሐጂ በየተራ አይተውን ሲያበቁ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። እኔ ያንን ፊልም እስከ ዛሬ ድረስ አይቼው አላውቅም። ግን መዲና መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ስትመለከተኝ፣ ያ ጀርባ፣ ከነሸሚዙ፣ ቁልጭ ብሎ ትዝ አለኝ።